ጥፋቱ የማን ነበር?

ዌንደል ነገሩን የሰማው ደረጃው ላይ ሆኖ ነው። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በካልሲ እየወረደ ነበር፤ ደረጃው አርጅቶ ስለሚንቋቋ በዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት ሁሉም የሚወርደው እንደዚያ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አክስቱ ሎሬታ ስጋ እየጠበሰች ልጇን ኩዊንሲን ታናግራለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። በአክረን ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት፤ የእሷ ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጩኸት ነው።

«ያቺን የኅዳሯን ጨዋታ ማንሣታቸው አይቀርም» አለችው። «ልጁ እግሩ የተሰበረባትን። ጥፋቱ የማን ነበር ሲሉህ የዌንደል ነው በል፤ አለቀ። እሱ እንደሆነ በዚያ ቁመቱ የትም አይደርስ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ከዚህ ቤት ውጡልኝ!»

ዌንደል ክው ብሎ ቀረ። ኩዊንሲ ምን እንደሚመልስ ለመስማት ትንፋሹን ዋጠ። በዚያችው ቅጽበት ግን የስጋው ጢስ ጣሪያው ላይ ካለችው የእሳት ማስጠንቀቂያ ደረሰና ደወሏ ቤቱን በጩኸት ቀወጠችው። ሎሬታ በፎጣ ታራግባለች፣ ኩዊንሲ መስኮት ይከፍታል። ደወሏ ዝም ስትል እነሱም ዝም ብለዋል።

እናቱ ስትሞት ዌንደል ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሎሬታ ከቀብር መልስ ልብሱን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ አመጣችውና ከኩዊንሲ ጋር በአንድ ክፍል አስተኛችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶሮ ሲጠበስ ለሁለቱም እኩል ነው፤ ቀበቶ ሲነሣም ለሁለቱም እኩል ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ «የእህቴ ልጅ» ብላ ለሰው አስተዋውቃው አታውቅም፤ «ልጆቼ» ነው የምትለው፣ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም። እና ይሄ ሁሉ ዓመት ቁርጡ ቀን ሲመጣ እንዲህ ነው ለካ! እንዲያው ምን ይባላል? ዌንደል አንጀቱ እርር አለ። ጫማውን አጥልቆ፣ ሆን ብሎ እየረገጠ፣ ደረጃውን እያንቋቋ ወረደ።

«ተነሣህ? በል ውሃህን ጠጣ» አለችው ሎሬታ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ውሃው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦለታል፣ ባለ አንድ ጋሎን የወተት እቃ ሙሉ። ሚዛን ላይ እስኪወጣ ድረስ ጨርሶ መጠጣት አለበት፤ መሽናትም የለም። የዛሬዋ የመጋቢት ቀን ከአሜሪካ እግር ኳስ ትልቁ ሊግ ክለቦች የሚመጡት መልማዮች ኮሌጁ ድረስ ዘልቀው ተመራቂ ተጫዋቾችን የሚመዝኑባት፣ የሚለኩባትና የሚያስሮጡባት ቀን ናት። ሴንተር፣ የመስመሩ መሃል ሰው፣ የሚሆን ሦስት መቶ ፓውንድ ይጠጋ ይባላል፤ ዌንደል ቀን ከሌት እየበላ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንትን አላለፈም። ስለዚህ ጎደሎው በውሃ ይሞላል። ይህን ዘዴ የማያውቅ መልማይ የለም፤ ይሁንና ትንንሾቹ ሁሉ ይጠጣሉ። ፊት ለፊቱ ኩዊንሲ ተቀምጧል፤ ስድስት ጫማ ከአምስት፣ ሦስት መቶ ሃያ ሰባት ፓውንድ፣ እግዜር ሲሠራው ጭቃ ያልቆጠበበት ልጅ። የጫነችለትን ስጋ ያላምጣል፤ ቀና አላለም። ዓይኑን የሰበረው ኃፍረት ነው ሲል ደመደመ ዌንደል።

«ስጋው ፓውንዱ አሥራ ስድስት ዶላር ገብቷል» አለች ሎሬታ። «ደግሞ እኮ አጥንት ነው። እንቁላሉንማ ተዉት።»

ዌንደል ይጠጣል፣ ኩዊንሲ ያኝካል፣ እሷ መጥበሻዋን ትፍቃለች። ሆዱ እየተነፋ ሲመጣ ተነሥቶ ወጣ።

በኩዊንሲ አሮጌ መኪና ነው ወደ ኮሌጁ የሄዱት። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው፤ የተዘጋው የጎማ ፋብሪካ ጋ ሲደርሱ ኩዊንሲ ጉሮሮውን ጠረገ። «አጭሬ» አለው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጠራው እንዲህ ነው፤ ሌላ ሰው ቢለው ዌንደል ይደባደባል። «ስማኝማ፣ እማዬ ጠዋት ያለችኝን…» ዌንደል እጁን ልኮ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ኩዊንሲ ትንሽ ጠብቆ ዝቅ አደረገው፤ ዌንደል መልሶ ከፍ አደረገው። ቀድሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው፣ አለ በሆዱ፤ እንዲያርደኝ ፈቃድ ሊጠይቀኝ ነው። መኪናው በዘፈን እየተንቀጠቀጠ ኮሌጁ ደረሰ። በየፊናቸው ገቡ።

ይህ ቂም ያለ ነገር እንዳልመጣ ለመረዳት የነሐሴዋን ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ ልምምድ ላይ የኩዊንሲ ግራ ትከሻ ወለቀ። ከዌንደል በቀር ያየ አልነበረም። የቡድኑ ወጌሻ ቢያውቅ ለአሠልጣኙ ይነግራል፣ አሠልጣኙ ለመልማዮቹ፤ ትከሻው የሚወልቅ ተጫዋች ደግሞ ማን ይፈልገዋል? እናም ኩዊንሲ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፎጣ ነከሰ፣ ዌንደል እግሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ ክንዱን ሳበለት፤ ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ጊዜ ወልቋል፣ ስምንቱንም ጊዜ እንዲሁ። ሎሬታ እንኳ አታውቅም። ሜዳ ላይ ዌንደል ሴንተር ነው፣ ኩዊንሲ ከግራው የሚቆመው ጋርድ። ሴንተር ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ያቀብላል፣ እጁ ገና ሳይመለስ ከፊቱ የቆመው ሰው ግንባሩ ላይ ይወድቅበታል። ከዚያ በፊትም ማን ማንን እንደሚያግድ እየጮኸ ለጓደኞቹ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ዌንደል ዓመቱን ሙሉ የራሱን ሰው በአንድ እጁ ገፍቶ ቶሎ ወደ ግራ ይሻገርና የኩዊንሲን ሸክም በትከሻው ይካፈል ነበር። እንደሱ የሚፈጥን ሴንተር ባይሆን ኖሮ አይችለውም። ቪዲዮው ላይ ግን እርዳታው አይታይም። የሚታየው አንድ አጭር ልጅ፣ ብቻውን መቆም የፈራ ይመስል፣ ዘወትር ከትልቁ አጠገብ ሲለጠፍ ነው።

በኅዳሯ ጨዋታ ደግሞ ዌንደል በቀኝ በኩል ሁለት ሰዎች ሊመጡ መሆኑን አየና፣ ወደ ግራ መሻገር ስለማይችል፣ ለኩዊንሲ «ብቻህን ነህ!» ብሎ ጮኸለት። ኩዊንሲ እሺ ሲል ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ኳሷ ስትነሣ ክንዱ አልታዘዘችውም፤ ከፊቱ የቆመው ሰው በሁለቱ መሃል ሾልኮ ገብቶ ኳስ ወርዋሪው እግር ላይ ተከመረበት። የአጥንቱ ድምፅ እስከ መቀመጫዎቹ ተሰማ። አሠልጣኙ በጋዜጠኞች ፊት «ሴንተራችን ተሳስቷል» አለ። ዌንደል ዝም አለ። ኩዊንሲም ዝም አለ። ለወራት ደጋፊዎች ዌንደልን በየስልኩ ሲሰድቡት፣ ድንክ ሲሉት፣ ወደ ሰርከስ ሂድ ሲሉት ሁለቱም በዚያች ጠባብ ክፍል አልጋቸው ላይ ተጋድመው ዝም።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ያህል መልማዮች የክለባቸውን ኮፍያ አድርገው፣ ወረቀታቸውን በሰሌዳ ላይ ይዘው ተደርድረዋል። ተጫዋቾቹ ካናቴራቸውን አውልቀው፣ በቁምጣ ብቻ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ አንድ ሰው በመለኪያው ያያቸውና ለገበያ እንደቀረበ በሬ ቁጥራቸውን ይጮኻል። ለኩዊንሲ ሲጮኽ ሁሉም ጻፈ። ዌንደል ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማዋል።

«ስድስት ጫማ ከአንድ ኢንች ሊሆን ሩብ ጉዳይ!»

«ሩቧን ምን በላት?» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ።

«ክንድ ሠላሳ አንድ! ክብደት ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት!»

«ስምንቱ የቧንቧ ውሃ ነው» አለ ያው ሰው፤ በዚህኛውማ መዛኙም ጭምር ሳቀ። ዌንደል ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ በሩን እስኪያልፍ ተራምዶ፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። እንባና ሽንት አብሮ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሩጫው ላይ ግን አሳያቸው። አርባውን ያርድ በአራት ሰከንድ ከሰማንያ ስምንት ጨረሰ፤ ከከባዶቹ ማንም አልቀረበውም። መልማዮቹ ሰዓታቸውን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ወደ ጎን እየተጣጠፉ የሚሮጡባት ፈተና ላይም እንዲሁ አንደኛ። «እንዲህ ከሮጠማ ፒዛ ያድርስልን» አለ ያ ምላሰኛ። የሳቀለት ጥቂት ነው፤ ዌንደል ይህን ልብ አለ፣ ልቡም ትንሽ ደስ አለው። ሁሉ ነገር ያለው አሁን እዚያች ክፍል ውስጥ ነው ብሎ አሰበ፤ ቪዲዮ የሚያሳዩባት፣ ብቻ ለብቻ የሚያናግሩባት። እዚያ ማን እንደሆነ ካስረዳ፣ ከቁመቱ ሌላ ነገር ያዩለታል። ካላስረዳ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ብዙ የሰፈሩ ሰዎች የመጋዘን ሌሊት ፈረቃ ነው የሚጠብቀው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሃርገት የሚባለው መልማይ ጠራቸው። ኩዊንሲ አስቀድሞ ገባ። ዌንደል ኮሪደሩ ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቀ፣ ከተዘጋው በር ኋላ ጉርምርምታ ብቻ እየሰማ። አሁን እየሸጠኝ ነው፣ ይላል፤ አሁን ስሜን ጠራ፤ አሁን ጨረሰኝ። ኩዊንሲ ግንባሩን እየጠረገ ወጣና በቀኝ እጁ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ዌንደል እጁን እንደ ዝንብ አራገፈው።

ክፍሏ የጽዳት እቃ ማስቀመጫ የነበረች ናት፤ እስካሁንም የበረኪና ሽታ አለባት። ሃርገት ስድሳውን ያለፈ፣ ጣቶቹ ከልጅነት ጨዋታ የተጣመሙ ነጭ ሽማግሌ ነው፤ ትንባሆ እያኘከ በወረቀት ኩባያ ይተፋል። ሰላምታም አልሰጠው። ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ኮምፒዩተሩን አዞረለትና ያቺን የኅዳር ጨዋታ ሁለት ጊዜ አሳየው። የኳስ ወርዋሪው እግር ሲሰበር ምስሉን አቆመው።

«ጥፋቱ የማን ነበር?»

ዌንደል ለአራት ወር ያቆየው መልስ በአንዴ ወጣ። «የኔ አይደለም ጌታዬ። የጋርዱ ነው። ብቻህን ነህ ብዬዋለሁ፤ ይኸው ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ይታያል።»

«የአክስትህ ልጅ ነው አይደል?»

«አዎ ጌታዬ።»

ሃርገት አልገረመውም። ተፋና ሌላ ቪዲዮ ከፈተ፣ ከዚያ ሌላ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። በሁሉም ላይ ዌንደል ወደ ግራ ይላል። «እሺ፤ እሱን ተወው። ይሄ ምንድን ነው? ዓመቱን ሙሉ ግራ፣ ግራ፣ ግራ። ክንድህ አጥሮብህ ነው? ፈሪ ነህ? ወይስ ከትልቁ ልጅ ቀሚስ ስር ካልተወሸቅህ አትቆምም?»

አሠልጣኙ ያዘዘኝ ነው ቢል ያልፍ ነበር። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ አሠልጣኙን ማን ሄዶ ይጠይቃል? ነገር ግን ጠዋት የሰማው «በዚያ ቁመቱ የትም አይደርስ» ጆሮው ላይ አቃጨለበት፤ ያ የሚዛኑ ሳቅ መጣበት፤ አሁን ደግሞ ይህ ሽማግሌ ፈሪ ይለዋል። ደሙ ፈላ።

«የምደገፈው እኔ አይደለሁም» አለ። «እሱ ነው። ግራ ትከሻው ይወልቃል።»

ሃርገት ማኘኩን አቆመ። «ስንቴ?»

«ዘጠኝ ጊዜ።»

«ወጌሻችሁ ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። እኔ ነኝ የምመልስለት።»

«መጨረሻ ጊዜ መቼ ነበር?» ዌንደል ነገረው። «ሲተኛ በየትኛው ጎኑ ነው?» እሱንም ነገረው። ሸሚዝ ሲለብስ የትኛውን እጅጌ እንደሚያስቀድም፣ ማሰሮ ከመደርደሪያ ሲያወርድ ፊቱ እንዴት እንደሚኮማተር፣ የታዘበውን ሁሉ ዘረገፈው። ሽማግሌው በዚያ ጠማማ ጣቱ ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባውም ጻፈ። ዌንደል እየቀለለው ሄደ። በሕይወቱ ማንም ስለሱ ይህን ያህል ጽፎ አያውቅም። አሁን ገባው፣ አለ፤ ሁለት ሰው የተሸከምኩ እኔ እንደሆንኩ አሁን ገባው።

«ጨርሰናል» አለ ሃርገት፣ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ እየገለበጠ። ኩባያውን ሊያነሣ ሲል ሰሌዳው ተንሸራተተና ዌንደል እግር ስር ወደቀ። ዌንደል ጎንበስ ብሎ አነሣለት። ወረቀቱ አናት ላይ በትልልቁ የተጻፈው ስም የኩዊንሲ ነው።

«ይሄ እኮ የሱ ወረቀት ነው» አለ።

«አዎ።»

«የኔስ?»

ሃርገት ሰሌዳውን ተቀበለው። ክፉ ሰውም አይመስልም፤ የደከመው ሰው ነው። «ያንተማ ጠዋት መለኪያው ስር አለቀ። አጨዋወትህን እወደዋለሁ ልጄ፣ ውሸት አልነግርህም። ክለባችን ግን ከስድስት ጫማ ከሁለት በታች የሆነ ሴንተር አይወስድም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የጠራሁህ ከትልቁ ጋር አንድ ክፍል ስለምትተኛ ነው። ስለ አንድ ሰው ማወቅ ስፈልግ ራሱን ጠይቄ አላውቅም።»

ዌንደል ኩዊንሲን አልጠበቀውም። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ ሦስት ዶላር ከፍሎ፣ ቤት ሲደርስ ገና አልመሸም። አንድ እርግጠኛ ነገር ነበረው፣ እሱኑ እንደ ትኩስ ድንጋይ እቅፍ አድርጎ ነው የመጣው፤ እሱም ሸጦኛል፣ ተካክለናል የሚል። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሎሬታ በቆመችበት ስትጮህ አገኛት። ኩዊንሲ በመኪናው ቀድሞት ደርሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

«መጣህ? ና ስማልኝ ይህን ደደብ!» አለች። «ጠይቀውት ምን ቢል ጥሩ ነው? ጥፋቱ የኔ ነው! ዌንደል በትክክል ነግሮኛል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት! በገዛ አፉ! ጠዋት ምን ብዬ ነበር የላክሁህ አንተ?»

«ጠዋትም አላደርገውም ብዬሻለሁ እማ» አለ ኩዊንሲ። «ያቺ ደወል ስትጮህ ነው ያልሰማሽኝ።» ከዚያ ወደ ዌንደል ዞረ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «በመኪና ልነግርህ ብል ሬዲዮ ትከፍትብኛለህ። በኅዳር ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ፈሪ ሆንኩ። ግን ነገርኳቸው አጭሬ። ሃርገት ጻፈው፣ ሲጽፍ አይቻለሁ። አንተ ጋ ደረሰ አይደል? ምን አለህ?»

ዌንደል ኮቱን እንደለበሰ ግድግዳውን ተደገፈ። ለካ ጠባቂው እሱ ብቻ አልነበረም! ጠዋት ያቺን ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ ቢሆን፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ጆሮውን ሰጥቶ ቢሆን… ልናገር፣ አሁኑኑ ልናገር አለ። በዚህ መሃል የኩዊንሲ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«አቤት» አለ ኩዊንሲ ብድግ ብሎ። «አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ።» ሎሬታ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ክለብ መሆኑ ገብቷታል። «ሰኞ? ይመቸኛል።» ከዚያ አዳመጠ። ፊቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ። «የግራው?» አለ። ዓይኑ ዌንደል ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። «ዘጠኝ ጊዜ። ገባኝ ጌታዬ። እሺ።»

ስልኩን አስቀመጠው።

«ምን አሉህ? ምንድን ነው የግራው?» አለች ሎሬታ።

«ትከሻዬን በማሽን ሊያዩ ነው። እስከዚያ ከዝርዝሩ አውጥተውኛል።»

«የምን ትከሻ? ትከሻህ ምን ሆነ? ማን ነገራቸው?»

ሎሬታ አንዴ ልጇን፣ አንዴ ዌንደልን አየች፤ ሞኝ ሴት አይደለችም፣ ሁለት ጊዜ ማየት በቃት። ዌንደል ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ለዚህ ምን ሰጡህ?» አለችው።

«ምንም» አለ ዌንደል።

«ምንም?»

«ምንም አክስቴ። እኔን ጠዋት ጨርሰውኛል።»

ኩዊንሲ ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ጃኬቱን አንሥቶ መልበስ ጀመረ፤ ግራ ክንዱ እጅጌው ውስጥ አልገባ ብላ ቆመች። ዌንደል ሳያስበው ሊረዳው አንድ እርምጃ ተራመደ።

«እንዳትነካኝ» አለው ኩዊንሲ። ጃኬቱን በአንድ ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ ይዞት ወጣ።